የጠበበው የለሃጭ መቀበያ

ቺዙሩ ፅንሱን ካስወረደች ስድስት ዓመት ሆናት። ባሏ ሞሪዮ የሆስፒታሉ ቅጽ ላይ መስማማቱን በማኅተሙ ካረጋገጠ በኋላ ነገሩን ዳግም አላነሳውም። እሷ ግን እንደ አገሩ ልማድ በቡድሃ ቤተ መቅደስ ግቢ ላልተወለደው ልጇ ትንሽ የሕፃን የድንጋይ ሐውልት አቁማለች። በየዓመቱ በዚያው ልክ ቀይ የለሃጭ መቀበያ ሰፍታ አንገቱ ላይ ታስርለትና፣ ፊቱን ለማየት ሳትደፍር «ይቅር በለኝ» ብላ ትመለሳለች።

ዘንድሮ ማሰሪያው አልደርስ አለ። ሁለት ጣት አጠረ።

«የሰፋሁት እንደ ወትሮው ነበር» አለች፣ ግቢውን ለሚጠርጉት አሮጊት።

«ውይ የኔ ልጅ! በዚህ ዕድሜ እኮ ልጆች እንደ ቀርከሃ ነው የሚመዘዙት» አሉ መጥረጊያቸውን ተደግፈው። «እንኪ፣ ጠዋት እግሩ ሥር አገኘሁት።»

መዳፏ ላይ ያኖሩላት የወተት ጥርስ ነበር። ደሙ ገና አልደረቀም።