የቆጠራው መነሻ

«ሁለተኛውም ሙከራ ከሸፈ» ይላል የጀምበሩ ድምፅ ከስልኩ። «የግራፉ መስመር እንደ ልማዱ ወዲያው ወደቀ።»

ሀኒፋ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ትስበዋለች። የምታስተምርበት ኮሌጅ ከጠዋት ጀምሮ መብራት ስለጠፋበት፣ ጭሮ ገበያ ጀርባ ወዳለው የአባቷ መጋዘን መጥታለች፤ እዚህ ጄኔሬተር አለ። አባቷ መስዑድ ከጎኗ ቆመው የጫት እስር በኮባ ቅጠል ይጠቀልላሉ። ጀምበሩ የድሮ የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ አሁን ባሕር ማዶ፣ በቤተ ሙከራው ማሽን አጠገብ ተቀምጧል።

ሦስት ዓመት የለፋችው ለአንድ አቶም ነው። ፖዚትሮኒየም ይባላል፤ ኤሌክትሮንና ተቃራኒው ፖዚትሮን ተያይዘው ይሽከረከሩና፣ ዓይን ሳይርገበገብ ተጠፋፍተው ጨረር ይሆናሉ። ሀኒፋ በወረቀት ደርሳበታለች፦ አቶሙ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ሳለ ሌዘር ቢመታውና መስኩ ወዲያው ቢጠፋ፣ ዕድሜው ስምንት እጥፍ ይረዝማል። ቤተ ሙከራው የፈቀደላት ሦስት ሙከራ ብቻ ነው። አንድ ቀርቷታል፤ እሱም ካልሆነ የሦስት ዓመት ልፋቷ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

«ስሌቱን ደግሜ አየሁት፤ ስህተት የለውም።»

«አውቃለሁ ሀኒ። ግን ማሽኑን በስምንት ሰዓት ለሌሎች እናስረክባለን።»

መስዑድ ቀና ይላሉ። «ስምንት ሰዓት በኛ ነው በፈረንጅ?»

«በኛ፣ አባባ!» ይላል ጀምበሩ። «ሃያ ደቂቃ አለን።»

«እንዲህ ተናገር እንጂ! የሐርጌሳው ነጋዴ ሦስት ሰዓት ቢለኝ፣ ለካ በፈረንጅ ኖሯል፤ ስጠብቀው ጫቴ ጠወለገ። ከየት እንደሚቆጥር ያልነገረ ሰው ምኑን ሰዓት ነገረ?»

የሀኒፋ እጅ ኪቦርዱ ላይ ይደርቃል።

«ጀምበሩ፣ መስኩን በአምስተኛው ናኖሴኮንድ አጥፋ ብዬህ ነበር። ከየት ጀምረህ ቆጠርክ?»

«አቶሞቹ ከተፈጠሩበት ነዋ። እዚህ ሁላችንም ከዚያ ነው የምንቆጥረው።»

«ሌዘሩስ መቼ ይመታቸዋል?»

«በሃያኛው...»

«እኔ የቆጠርኩት ሌዘሩ ከመታቸው ነው።» ጆሮዋ ድረስ ትቀላለች። የተማሪን ነጠላ ሰረዝ እንኳ የማታልፈው ሀኒፋ፣ በላከችው መመሪያ ላይ መነሻውን ሳትጽፍ ቀርታለች። «ሌዘሩ ሳይደርስ ነው መስኩን ያጠፋነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ሃያ አምስት አድርገው።»

ጀምበሩ ቁጥሩን ሲቀይር የቁልፎቹ ኳኳታ በስልኩ ይሰማል። ጫቱን ሊጭን ውጭ የቆመው አይሱዙ ክላክስ ያንባርቃል፤ መስዑድ ግን የእስሩን ገመድ ይዘው አይንቀሳቀሱም።

በየቅጽበቱ የተረፉትን አቶሞች የሚያሳዩት የሦስተኛው ሙከራ ነጥቦች አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ይወጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ይወርዳሉ፤ ልክ እንደ በፊቱ። ቀጣዩ ይወርዳል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ግን እምብዛም ዝቅ አይልም።

«ሀኒ! መስመሩ ጅራት አወጣ እኮ!»

«ዝም በል፣ ልቁጠር!» በጣቷ እያንዳንዱን ነጥብ ትከተላለች፤ ቁጥሩን ማስታወሻዋ ላይ ትጽፋለች፣ ታካፍላለች፣ እንደገና ታካፍላለች። ስምንት። ከጀምበሩ ኋላ የማታውቃቸው ሰዎች ያጨበጭባሉ።

«ምን ተገኘ፣ ኢንታላ ኮ?» ይላሉ መስዑድ፤ ልጄ ሲሉ በኦሮምኛ ነው።

«ኖረልኝ፣ አባ።»

«ስንት ቀን?»

«የሴኮንድ ሚሊዮንኛ።»

መስዑድ ልጃቸውን ያያሉ፤ እንባዋን ያያሉ፤ ከዚያ እጃቸውን አርገፍግፈው ወደ በሩ ይወጣሉ።

«አንተ ሹፌር፣ ጩኸትህን አቁም! ልጄ ሞትን ቁም አለችው፣ ቆመላት! ማሻአላህ!»

ሀኒፋ አትሰማም። ነጥቦቹ መምጣታቸውን አላቆሙም፤ መስመሩ ቀስ እያለ የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ይደርሳል፤ እዚያም ሆኖ ገና መሬት አልነካም።