የሳቢሃ ሳሙና አልጣበቅ አለ

ለሦስተኛ ጊዜ ሳሙናው ለሁለት ተላቀቀ። ሳቢሃ ከትንሿ የእንጨት ሣጥን አውጥታ ቢላዋ ስታሳርፍበት ታችኛው የቡና ሳሙና ወዲህ፣ ላይኛው የወተት ሳሙና ወዲያ ወደቀ።

«ወይ ጉዴ! አዴ ሐጂራ፣ ለቲጃኒ ይደውሉልኝ» አለች። አዴ ሐጂራ አክስቷ ናቸው። ከጥግ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ ብዙ አይናገሩም።

ቲጃኒ የኮሌጅ ላብራቶሪ ሠራተኛ ነው። እዚያው ጊንጆ ሰፈር፣ ከሳቢሃ ቤት ሁለት ቅያስ ወረድ ብሎ ይኖራል። አርባ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ሚስት የለውም። በተደወለለት በአምስት ደቂቃ ደረሰ። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ሽቶም ተቀብቷል። ሳሙና ለማየት ሽቶ ምን ይሠራል አትበሉኝ።

የተላቀቀውን አንስቶ ወደ መስኮቱ ያዘና እንደ ትልቅ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ።

«ቸኩለሻል» አላት። «ታችኛው በደንብ ይቀዝቅዝ። ሌሊቱን ይደር፣ ድንጋይ ይሁን። ፊቱንም ወልውለሽ እንደ መስታወት አድርጊው። ከዚያ ነው የላይኛው የሚፈሰው።»

ውሸቱን ነው! ታችኛው ገና ሞቅ ሳለ ፊቱን በሹካ ቧጨር ቧጨር አድርጎ፣ የቁስል አልኮል ነፋ ነፋ አድርጎበት፣ የቀለጠውን ከላይ ቢያፈሱበት በመጥረቢያም አይላቀቅም። ቲጃኒ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ባሏ ከሞተባት ሴት ቤት አንድ ወንደላጤ ያለ ሥራ ሁለት ጊዜ ከገባ ሰፈሩ ምን እንደሚል ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ። ሥራ ካለው ግን ጎረቤት ራሱ «ኧረ ቶሎ ግባ፣ እየጠበቀችህ ነው» ይለዋል። ሳሙናው ከተጣበቀ ሥራው አለቀ። ስለዚህ አይጣበቅም።

«ዘይትስ ብቀባው?» አለች ሳቢሃ ዓይኗን ፍጥጥ አድርጋ። «ፊቱ ይበልጥ እንዲያብረቀርቅ ብዬ ነው።»

ቲጃኒ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ዘይት ከነካው ጭራሽ አይያያዝም። የዋህነቷ አንጀቱን በላው።

«ጎሽ! እሱን እኔም አላሰብኩትም ነበር» አላት።

«ቶሌ» አለች ሳቢሃ፣ እሺታዋ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። «አላህ አንተን ባይሰጠኝ ምን ይውጠኝ ነበር!»

ሻይ ቀረበለት፣ ኬክም ቀረበለት። የሹካው ጥርስ መሐል ቡናማ ነገር ተሰክቷል። ቲጃኒ በጣቱ ጠርጎ ኬኩን በላ። ፍቅር የያዘው ሰው ሹካ አይመረምርም።

ክፉ ነገር የመጣው ሊወጣ ሲል ነው። ሳቢሃ በሩ ላይ ቆማ፣ ሸቤ ከተማ የሚከፈተው የእንግዳ ማረፊያ ሁለት መቶ ባለ ሁለት ቀለም ሳሙና እንዳዘዛት ነገረችው። ቅዳሜ ምረቃው ነው። ካማረላቸው በየወሩ ትልካለች። ካላማረላቸው ግን የሥራ ክፍሏን ለቅቃ፣ ዕቃዋን ጠቅልላ አጋሮ ወንድሟ ቤት ትገባለች።

«ለሁልጊዜ?» አለ ቲጃኒ።

«ታዲያ እዚህ ምን አለኝና?»

ያን ቀን ቲጃኒ ራት አልበላም። በገዛ ምላሱ እየሸኛት ነው! እውነቱን ቢነግራት ደግሞ ውሸታም ብላ ታባርረዋለች። ሁለት ቀን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲሟገት ከረመ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። አዴ ሐጂራ ናቸው፤ «ና፣ ተላቀቀ» ብለው ዘጉት።

ሲደርስ ሳቢሃ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጣ እጇን አገጯ ላይ ደግፋለች። ዘይት የጠጣው ሳሙና ፊት ለፊቷ ለሁለት ተከፍሎ ተጋድሟል።

«በቃ፣ ነገ ለወንድሜ እደውላለሁ» አለች።

«አትደውዪ! ወላሂ እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ! ዋሽቼሻለሁ!» አለና ቲጃኒ ሁሉንም ዘረገፈው፤ ማቀዝቀዙን፣ መወልወሉን፣ ዘይቱን። አዴ ሐጂራ መቁጠራቸውን አቆሙ።

ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ምድጃው ጋ ሄደ። የቡናውን ሳሙና አቅልጦ አፈሰሰ። ፊቱ እንደያዘ ገና ሞቅ ሳለ ቧጨረው፣ አልኮሉን ነፋበት፣ ነጩን በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ እያደረገ ደረበበት። ሲረጋ አውጥቶ በሁለት እጁ ታገለው። ንቅንቅ አላለም። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ።

«ለምን ዋሸኸኝ ታዲያ?» አለች ሳቢሃ በቀጭኑ።

«ከተጣበቀማ ምን ብዬ ልመጣ?»

ሳቢሃ ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበችው። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አስለቀስኳት ብሎ ቲጃኒ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

«ዛሬና ነገ ሥራ አልገባም» አለ እየተንተባተበ። «ሌሊትም ቢሆን አልተኛም፣ ሁለት መቶውን እጨርሰዋለሁ። አጋሮ ብቻ እንዳትሄድ!» ወደ አክስቷ ዞረ። «አዴ ሐጂራ… እኔ ውሸታሙ… ሽማግሌ ልላክ?»

አዴ ሐጂራ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ያ ቲጃኒ፣ አንተ ሽማግሌህን ላክ፤ ሁለት መቶው ሳሙናማ ተጣብቆ ሸቤ ከገባ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው።»