የእሜቴ ጓንት ፈተና

የአምቡላንስ ጣቢያው ሠራተኞች የደኅንነት ኃላፊዋን ከኋላዋ «እሜቴ ጓንት» ይሏታል። እውነትም ጠዋት ያጠለቀችውን ሰማያዊ ጓንት እስከ ማታ አታወልቅም። በሽተኛ ብታነሳ፣ ስልክ ብትመልስ፣ መነጽሯን ሽቅብ ብትገፋ፣ ለነርሶቹ ሻይ ብትቀዳ ጓንቷ ከእጇ አይለይም። «ጥንቃቄ ማለት ይኼ ነው» ትላለች።

በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ነርሶች ከበሽተኛ በመጣ ተቅማጥ ወደቁ። ሦስተኛዋ አሁንም ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኝታለች። ኃላፊዋ ልጅቷን ባሰበቻት ቁጥር ሆዷ ይባባል። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ግን አልጠፋትም።

አንጋፋው ሾፌር ነዋ! ቃሬዛ አውርዶ ዘወር ከማለቱ ባዶ እጁን ነው። ቧንቧው ጋ ሲያውደለድል ይቆይና በሩን በክርኑ ገፍቶ ይገባል፤ ስንፍና የተጠናወተው ሰው ነው። ዳቦውንም በዚያው ባዶ እጁ ይገምጣል።

«ጋሼ፣ ጓንትዎ የት ሄደ?» ትለዋለች።

«ሥራውን ጨርሶ ተሰናበተ፣ እመቤቴ።»

«እርስዎም እንዳይከተሉት።»

ቀልዷን አልነበረም። ሾፌሩን ከአምቡላንስ አንስቶ ወደ ዕቃ መኪና የሚያዛውረው ደብዳቤ ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው ማስረጃ ነው።

ለዚህም በዓይን የማይታይ፣ በልዩ መብራት ብቻ የሚያበራ ዱቄት አስመጣች። ሐሙስ ጠዋት የዕቃ ክፍል ሠራተኛዋ የቃሬዛውን እጀታዎች በዱቄቱ ቀባቻቸው። ከዚያ ኃላፊዋ ከፊት፣ ሾፌሩ ከኋላ ይዘው እንደ ወትሮው ሁለት በሽተኞች አመላለሱ። ሲመለሱ እሷ ለነርሶቹ ሻይ ቀዳች፤ እሱ ዘግይቶ ገባና ዳቦውን አነሳ። እያየችው በሆዷ ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው በዕረፍት ክፍሉ ተሰበሰበ። መጋረጃው ተዘጋ፣ አምፖሉ ጠፋ።

«እጅዎን ይዘርጉ፣ ጋሼ። የነዚህ ልጆች መታመም አንገብግቦኛል፤ ዛሬ እውነቱ ይወጣል።»

«እኔንም አንገብግቦኛል» አለና ሁለቱንም መዳፎቹን ዘረጋላት።

ልዩውን መብራት አበራችው። የሾፌሩ እጅ እንደ ጨለማው ጨለመ። ሠራተኛው ግን እጁን ትቶ ሌላ ቦታ ማየት ጀምሯል፤ ከጥግ በኩል አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

አረንጓዴ ሆነው ቦግ ያሉት የበሩ እጀታ፣ የነርሶቹ የሻይ ኩባያዎችና የራሷ የ«እሜቴ ጓንት» አፍንጫ ነበሩ።