በአራተኛው ጠዋት

የቤት አከራይዋ የኮንሴፕታ ሮዝ ቀለም ያለው ነጠላ ጫማ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ነበር፤ ከውስጥ ውኃው ይንዠቀዠቃል። ተማሪው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጣቱን የውኃ ማሞቂያው ማጥፊያ ላይ አሳረፈ። ወደዚህች የአየርላንድ መንደር ለትምህርት ከመጣ አራተኛ ቀኑ ነው። ባለፉት ሦስት ጠዋቶች፣ ጭንቅላቱ ገና በሳሙና አረፋ እንደተሞላ ማሞቂያውን አጥፍተውበት፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቧል። ያጠፋችው እሷ ናት ብሎ የጠረጠራት ሴትዮ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሻይ እየቀዳችለት፣ "ዛሬም ዝናብ ነው፣ ልጄ" ትለዋለች።

"እስኪ ቅመሺው!" አለና ቀጭ አድርጎ አጠፋው።

ከውስጥ የወጣው ጩኸት የወንድ ነበር። ተማሪው ዞር ሲል ኮንሴፕታ በባዶ እግሯ፣ የሻይ ኩባያዋን እንደያዘች ከኋላው ቆማለች።

"ይቅርታ፣ እርስዎ መስለውኝ ነው!" አለ ደንግጦ።

"ባሌ ነው፤ ጫማዬን አድርጎ ገብቶ ነው። መብራት እቆጥባለሁ እያለ እኔንም ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነው ያንቀጠቀጠኝ" አለች በሹክሹክታ።

"ኮንሴፕታ! አረፋው ዓይኔ ገባ፣ አብሪው እንጂ!" ሲል ባልየው ጮኸ።

ተማሪው ሊያበራ እጁን ሲሰድ ያዘችው፤ ከዚያ ደረጃው ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

"ተው፣ ሻዬን ልጨርስ።"