የሲባጎ የመጨረሻ ምሽት

በዚያ ዘመን አንድ ቃል ከባዕድ ቋንቋ መምጣቱ ከተረጋገጠ፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከሰው ሁሉ አእምሮ ይጠፋ ነበር። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ሬዲዮው የ«ሲባጎ» ተራ መድረሱን ተናገረ። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ስለሆነ ከነገ ጀምሮ «ቀጭን ገመድ» ይባላል አለ።

መንበረ የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች። ረጅምና ቀጭን የነበረውን አንድ ልጇን፣ ከሞተም በኋላ ቢሆን፣ ከ«ሲባጎ» በቀር በሌላ ስም ጠርታው አታውቅም።

«በፍሬው የሚለው ስሙ አለልን እኮ» አላት ባሏ ዘውገ።

«እሱ የትምህርት ቤት ስሙ ነው። እኔ የወለድኩት ሲባጎን ነው።»

የልጁን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ አቀፈችው። «ሲባጎዬ፣ የኔ ሲባጎ» እያለች ስትደጋግም ዘውገም አጠገቧ ተቀምጦ አብሯት ይጠራው ጀመር። እንቅልፍ እስኪጥላቸው ድረስ ጠሩት።

ጠዋት መንበረ ፎቶውን አየችው። ልጇ መሆኑን ታውቃለች። ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ የምትለው ግን ጠፋት።

«በፍሬው በይው» አላት ዘውገ ቀስ ብሎ።

«በፍሬው» አለች።

የጎረቤት ልጅ የጠራች መሰላት።