ከድልድዩ ወዲህ

ቨርናን ስንት ዓመት ሲያንገበግባት የኖረው ይህ ነው። በረዶ ጥሎ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ማንም ቀሪ አይባልም። ወንዙ ሞልቶ የእነሱን ሸለቆ ብቻ ሲቆርጠው ግን ልጆቹ ቀሪ ናቸው። ሕጉ በዓመት ይህን ያህል ቀን ተማሩ ይላል፤ አውቶቡሱ ከድልድዩ ማዶ መጥቶ ይቆማል፤ ያልተሳፈረ ቀረ። እሷንም በልጅነቷ ከትምህርት ያስወጣት ይኸው ውሃ ነው።

አሁን ደግሞ በልጅ ልጇ በዴሊያ መጡባት። የቀሪ ተማሪዎች ተቆጣጣሪው ሆበርት በጠዋቱ የሰነድ ቦርሳውን ይዞ ደጃፏ ላይ ቆሟል።

«ሚስ ቨርና፣ ዛሬ ከቀረች ዳኛ ፊት ነው የሚቀርቡት። ልጅቷን ሊወስዱብዎት ይችላሉ። እኔ ምን ላድርግ?»

«አንተማ ምን ታደርግ! ደሞዝህን ብላ። ይልቅ ዞር ብለህ እይ።»

ዞረ። ሲመጣ ውሃው የመኪናውን ጎማ ብቻ ነበር ያረጠበው። አሁን ድልድዩ አይታይም፤ ቡናማ ጎርፍ በላዩ ግንድ እያንከባለለ ያልፋል። ከማዶ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ጮኸ።

«እዚያ በቆመው ትራክተርዎ ያሻግሯታ! ከዚህ በፊት ያሻግሯት የለ እንዴ?»

«አሻግሬያለሁ። ያለፈው ጊዜ ጎማው ሲንሸራተት አንገቴን አንቃ ያዘችኝ። የጥፍሯ ምልክት ይኸውልህ።»

«እኔም እኮ ቢሮ ይጠብቁኛል።»

«ቀሪ ናት፣ ቀሪ ናት ስትል ከርመሃል! ና ትራክተሩ ላይ ውጣ፣ እንሻገር።»

ሆበርት ግንዱን እያየ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ዋና አልችልም» አለ ቀስ ብሎ።

«እሷም አትችልም።»

ዴሊያ ቦርሳዋን አዝላ ትራክተሩ ላይ ወጥታለች። «እማማ፣ እንሂድ። እኔ አልፈራም» ትላለች፤ ዓይኗ ግን ከጎርፉ ላይ አይነሳም።

ጡሩምባው ደገመ። ሦስተኛው ላይ አውቶቡሱ ይሄዳል። ቨርና ወጣች፤ ቁልፉን አዞረች፤ ሞተሩ ጮኸ። ልጅቷ ከኋላ ወገቧን ጨምድዳ ያዘቻት። ቨርና ለአፍታ እነዚያን ትናንሽ እጆች አየች።

ሞተሩን አጠፋች። ወረደች። ዳር ድረስ ሄዳ ቁልፉን ወደ ጎርፉ ወረወረችው።

«አብደዋል እንዴ!» ሆበርት ጮኸ።

«ውረጂ፣ ልጄ። ዛሬ ማንም አይሻገርም። አንተም ቁጭ በል። ዳኛው ሲጠይቅህ ዛሬ የት እንደዋልክ ትነግረዋለህ።»

አውቶቡሱ ሦስተኛውን ነፍቶ ሄደ። ሆበርት ጫማው ረጥቦ ደረጃው ላይ ከዴሊያ ጎን ተቀመጠ፤ እንደ እሷው ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አቅፎ፣ ውሃውን ያይ ጀመር።