ጆሮ ያልሰማው ሰው

የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሳምንት ውድድር የመጨረሻ ቀን ነው። ተማሪዋ መድረኩ ላይ ቆማ ላብ ያራሰውን እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ጠዋት ፕሮግራሟን ስትሞክረው ሁለቴ ስቷል። አሁንም ከሳተ ዋንጫው ቀረ ማለት ነው።

«ስሙ ‹ጆሮ› ነው» አለች። «ሰው ሲናገር ሰምቶ የት አካባቢ እንዳደገ የሚለይ ፕሮግራም ነው። በሽተኛ ወደ ጤና ምክር መስመር ሲደውል፣ አነጋገሩ ከሚገባት ነርስ ጋር ያገናኘዋል።»

ዳኞቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያዋ ዶክተር ዘሀራ ማይኩን ተቀበሉ።

«እስኪ እኔን ይሞክረኝ። ከተማ ከገባሁ እንኳ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል።»

ስክሪኑ ለአፍታ ጨለመ። ከዚያ «ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«አዎ፣ የሐይቅ ልጅ ነኝ» አሉ ዶክተሯ እየሳቁ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሁለተኛውንም ዳኛ አልሳታቸውም።

ሦስተኛው ከዩኒቨርሲቲው ውጭ የተጋበዙ እንግዳ ነበሩ። ማይኩ ሲቀርብላቸው በእጃቸው መለሱት። አንደኛ መውጣቷ ሲነገር ዋንጫውን ሊሰጧት ተነሡ። ሲጨብጧት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ የኔ ልጅ?»

«አዎ፣ ማንኛውም ስልክ ላይ ይሠራል» አለች ኮራ ብላ።

«ጎበዝ» አሏት እጇን ሳይለቁ። «የፍተሻ ኬላዎቻችን ላይ ኔትወርክ የለም።»